ነጭ ለብሶ የመጣ ፍተሻ

በሰው ፊት ያለቀስኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያለቀስኩለት ሰውም አልሞተም ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ አልቀየማቸውም። እኔም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መሳቅ ጀምሬአለሁ።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የመልቀቂያ ፈተናውን ሳላልፍ ቀርቼ፣ ኮልፌ ቀራንዮ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ አልነበረኝም። የነበረኝ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤና ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አባታችን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ሁለት ልጆች ብቻ ነበሯት፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ደረጀ። ደረጀ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እዚያው ያድራል። እናቴ ስለ እሱ ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ይላል። ስለ እኔ ሲጠይቋት “የሺማ ዝምተኛ ናት” ትልና ወሬ ትቀይራለች።

በዚያ ሰሞን መሀል ከተማ፣ ሰው በሚበዛበት አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም ቆሰለ። ማን እንዳፈነዳው አልታወቀም። ባለመታወቁም የሚጠረጥረው ሰው ያጣ አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ ዘንቢል ይዞ የገባ ሰው ከፍቶ ካላሳየ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። አንዲት ጎረቤታችን ለአራስ የያዘችውን ገንፎ በጨርቅ ጠቅልላ ስለነበር ከአውቶቡስ አስወርደዋታል። ገንፎው ሲመረመር ቀዘቀዘ ብላ ወሩን ሙሉ ስታማርር ከረመች።

የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ የእድራችንም ዳኛ፣ ግራዝማች ይርዳው ነበሩ። የእህታቸው ልጅ ያ ቡና ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበርና ቀኝ እጁን አጥቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። ከፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ቸርነት የሚባል ወጣት መጣ። እኔ ደብተሬን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

“ሌላ ምን እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው?” አሉ ግራዝማች። “ያ ልጅ ከእንግዲህ በቀኝ እጁ አያማትብም። እያንዳንዱ ቤት ይፈተሽ። ከእኔ ቤት ጀምሩ።”

አቶ ገብሬ ተነሡ። መርካቶ በጨው ንግድ የታወቁ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ልጅ የዳሩ ሰው ናቸው።

“ግራዝማች፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ግን ቦምቡ የፈነዳው መሀል ከተማ፣ የሚፈተሸው የእኔ ጓዳ! ባለፈው አንድ ፖሊስ ጆንያዬን በሳንጃ ወግቶ ጨዉን መንገድ ላይ ዘራብኝ። ‘ምን ፈልገህ ነው?’ ስለው ‘ምን እንዳለበት ለማወቅ’ አለኝ። በላዩ ላይ ተጽፏል እኮ!”

“የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

“የምደብቀው ነገር የለኝም። ግን በውስጥ ሱሪ ሆኜ ፖሊስ እንዲያየኝም አልፈልግም። ለመሆኑ ፈታሹንስ ማን ይፈትሸዋል?”

ሰው ሳቀ። ግራዝማች አልሳቁም። ያው ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ፣ “ጴንጤዎቹ ይፈተሹ። ሰብሰብ ብለው በር ዘግተው ምን ይሠራሉ?” አለ።

እትዬ ማርታ እዚያው ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከባላቸው ጋር ሆነው ጸሎት የሚያደርጉት ከእኛ አጥር አለፍ ብሎ ባለው ቤታቸው ነው። ቁጭ ባሉበት፣ “ወንድሜ፣ እኛ በር ዘግተን የምንጮኸውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቦምብ የሚሠራ ሰው ይዘምራል እንዴ?” አሉ። ይህን ጊዜ ግራዝማችም ሳቁ። በዚያው እትዬ ማርታ ሴቶችን ወክለው ለፍተሻው በሚቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ እንዲገቡ ተመረጡ።

የሃምሳ አለቃው ተራ ደረሰ። “እኔ ያለኝ አራት ፖሊስና አንድ ብስክሌት ነው” አለ። “ብስክሌቱም ጎማው ተንፍሷል። እናንተ ካላገዛችሁኝ የትኛውን ቤት አዳርሳለሁ? ደግሞ ቀን ከፈተሽን ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይገባል። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መሆን አለበት።”

“ጎህ ሲቀድ ፖሊስ በር ሲደበድብማ ነፍሰ ጡር ታስወርዳለች!” ብለው አንዲት ሴት ጮኹ። ስብሰባው ተንጫጫ።

እዚህ ላይ እጄን አወጣሁ። በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ለምን እንደተናገርኩ ዛሬም አይገባኝም። “ፖሊስ ከኋላ ይሁን” አልኩ። “ከፊት ሽማግሌዎች ይሂዱ። ንጹሕ ነጭ ልብስ ይልበሱ። ፊሽካ አይነፋ፣ በር አይደብደብ፤ እርስ በርስም አያውሩ። ባለቤቱ እስኪወጣ በጸጥታ ይጠብቁ። ፖሊሶቹም ባርኔጣቸውን ያውልቁ። ባለቤቱ ሲወጣ ትልቁ ሰው በለሰለሰ አነጋገር ‘አይደንግጡ’ ብለው ይጀምሩ።”

ጭብጨባ ሆነ። ሃምሳ አለቃው፣ “ይቺ ልጅ መኮንን መሆን ነበረባት” አለ። ትምህርት ቤት ከለቀቅሁ ወዲህ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረምና ፊቴ ጋለ። ያንኑ ማታ ሐሳቤን በሰባት ተራ ቁጥር ከፍዬ በጥሩ ወረቀት ገለበጥኩት። ተራ ቁጥር አራት፦ ማንም የኮሚቴ አባል ከኮሚቴው ቀድሞ ወደሚፈተሸው ቤት አይሄድም። ተራ ቁጥር ስድስት፦ ሴት የምትፈተሸው በሴት ብቻ ነው። አቶ ገብሬ ደግሞ አድልዎ እንዳይኖር ቤቱ በዕጣ ይለይ፣ ዕጣውም እዚያው ጠዋት ይውጣ አሉ። እሱም ጸደቀ፤ እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ከስብሰባው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ደረጀ መጥቶ በሲሚንቶ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ነገር እናቴ ሳታይ አልጋዋ ሥር አስቀምጦ ሄዷል። ቦምብ አይደለም። የተማሪዎች በራሪ ወረቀት ነው፤ ስለ መሬትና ስለ አራሹ የሚናገር። ያ ወረቀት የተገኘበት ተማሪ ግን በዚያ ዘመን የሚያድርበት ቦታ ይታወቃል፤ በዚያ በቦምቡ ሰሞን ደግሞ ‘ወረቀት ብቻ ነው’ ቢሉ የሚሰማ የለም። ‘መጥተህ ውሰድ’ ብዬ ላክሁበት። ‘ሐሙስ በማለዳ እመጣለሁ’ አለኝ።

ሃምሳ አለቃው የፍተሻውን ቀን የነገረን ረቡዕ አምሽቶ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ። ግራዝማች ለቤተሰብም ቢሆን እንዳንናገር አስማሉን። ቤት ስደርስ እናቴ ተኝታለች፤ ተኝታበት ደግሞ ጥቅሉን ከሥሯ መጎተት አይቻልም። ‘ሰፈሩ ከመቶ ቤት በላይ ነው’ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የተማርኩት ሒሳብ ‘አይዞሽ’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ አላምንም።

ጠዋት ዋርካው ሥር ስንሰበሰብ ሁሉም እንዳልኩት ሆነዋል። ግራዝማች ከእግር እስከ ራስ ነጭ፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። አቶ ገብሬ አዲስ ጋቢ ደርበዋል። እትዬ ማርታ፣ ሌሎች አራት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ሃምሳ አለቃውና ሁለት ፖሊሶች። ዕጣው ከግራዝማች ባርኔጣ ውስጥ ወጣ። የጻፍኩት ራሴ ነኝና ከሩቁ አወቅሁት።

“ወይዘሮ ዘነበች” ብለው አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። “ልጄ፣ ምሳሌ መሆን ነው እንግዲህ።”

“እሺ” አልኩ።

ሌላ ምን ልበል? ልሩጥ ብል ተራ ቁጥር አራት አለ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ይበልጥ አጠረ። ማንም አላወራም። በራችን ላይ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተሰለፉ። ፖሊሶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። የሚያንኳኳ የለም። ቆምን። ሲቆሙ አየኋቸው፤ ነጩን ልብስ፣ የተደፋውን አንገት፣ ዝምታውን። ይህን አቋቋም ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። አባታችን የሞተ ጊዜ ነው።

ይህን ሳስብ እናቴ ለኪዳን ልትሄድ በሩን ከፈተች።

እናቴ መርዶ ታውቃለች። መርዶ እንዴት እንደሚቆም፣ ማን ከፊት እንደሚሆን፣ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር ታውቃለች። ቀና ብላ ተራ በተራ አየቻቸው።

“ወይዘሮ ዘነበች” አሉ ግራዝማች፣ እኔ እንደጻፍኩላቸው በለሰለሰ አነጋገር። “አይደንግጡ። ለትንሽ ጉዳይ ነው የመጣነው። ገባ ብለን እንቀመጥ።”

“ማን ነው?” አለች እናቴ።

“ማንም አይደለም።”

“ደረጀ ነው?”

ግራዝማች ሐቀኛ ሰው ናቸው። ደረጀን ካዩት ሰንብተዋል፤ ያላዩትን ሰው ደህና ነው ማለት ከበዳቸው። “ደረጀማ… ደህና ነው መቼስ፣ በእግዚአብሔር” አሉ።

ያቺ ‘መቼስ’ ነገሩን ጨረሰችው።

“ወይኔ ልጄን!”

እናቴ ደረቷን ስትመታ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ሮጬ ያዝኳት። “እማዬ፣ ደረጀ አልሞተም! ለሌላ ጉዳይ ነው!”

“አንቺም አውቀሽ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ ሰምቼሻለሁ!” እውነቷን ነው።

“እትዬ ዘነበች፣ በልጆቼ እምላለሁ የሞተ ሰው የለም!” አሉ አቶ ገብሬ።

“አባታቸው ሲሞትም ‘ትንሽ አሞታል’ ብላችሁ ነው የመጣችሁት! እርስዎ አይደሉም ግራዝማች? እርስዎ አይደሉም?”

“እውነት ነው፣ ያኔ ብያለሁ” አሉ ግራዝማች፤ አንገታቸውን ይበልጥ ደፉ።

ሃምሳ አለቃው ነገሩን ላስተካክል ብሎ ወደ ፊት ወጣ። “እማማ፣ እኔ ፖሊስ ነኝ። እውነቱን ልንገርዎት…”

“ፖሊስም አለበት! በጥይት ነው! በጥይት ነው የገደሉት!”

በዚህ ጊዜ ከየግቢው ሴቶች ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ይሮጣሉ። ማንም ምን ሆነ አላለም፤ የሚያዩት በቂ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሞላ ከአጥራችን ማዶ ነበሩ። ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ልብሳቸውን በቅጡ ሳይለብሱ ጥሩምባቸውን አንስተው ወጡ። “የወይዘሮ ዘነበች ቤት! የወይዘሮ ዘነበች ቤት!” እያሉ እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ነፉት። ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ነገሩ መንግሥታዊ ሆነ። የእድሩ ድንኳን በጋሪ መጣ። ግራዝማች፣ “ኧረ ቆዩ! ኧረ ስሙኝ!” እያሉ ሲዞሩ አንዱ የድንኳኑን ገመድ አስያዛቸው። ዳኛ ናቸውና ልማድ ሆኖባቸው ያዙ።

እንግዲህ የሐዘን ቤት ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ሰው መሬት እንዲቀመጥ ዕቃ ይወጣል። ጎረምሶች ሳይጠየቁ ገቡ። ብፌው ወጣ። ጠረጴዛው ወጣ። ሳጥኑ እንደተከፈተ ወጣ። እኔ እናቴን ደግፌ ደጅ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ አንዱ፣ “አልጋውን በዚያ በኩል ያዝልኝ” ሲል ሰማሁ።

እናቴን ለእትዬ ማርታ ሰጥቼ ገባሁ። ስገባ የብረት አልጋው ከመሬት ተነሥቷል። የሲሚንቶ ወረቀቱ ጥቅል ባዶው ወለል መሀል ላይ ተጋድሟል። ሲባጎው ላልቶ አንድ ነጭ ወረቀት ጠርዙ ወጥቷል። ሃምሳ አለቃው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ እያየ ነው።

ወደቅሁበት። ቀሚሴን ዘርግቼ ጥቅሉ ላይ በደረቴ ወደቅሁ። የወደቀ ሰው ደግሞ ማልቀስ አለበት። ሞከርኩ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር፤ አልጋ የተሸከሙት ልጆች ደንግጠው አልጋውን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሃምሳ አለቃው አንድ እርምጃ ቢገባ፣ ያን ወረቀት ቢያነሣ፣ እናቴ ደጅ የምትጮኸው ነገር እውነት እንደሚሆን ታየኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እኔ አላመጣሁትም።

“ተዋት፣ እርሟን ታውጣ” አሉ ሴቶቹ። “ዝምተኛ ናት ሲሉን! አንጀቷ ውስጥ ነበር ለካ።” አንዷ፣ “ተነሺ የኔ ልጅ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል” ብላ ብብቴን ይዛ ልታነሣኝ ሞከረች። የወለሉን ሣንቃ በጥፍሬ ያዝኩ።

እትዬ ማርታ ገብተው አጠገቤ ተንበረከኩ። እሳቸው እንደ ሌላው ሴት ሙሾ አያወርዱም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በሙሉ ድምፃቸው፣ “ጌታ ሆይ! አልዓዛርን ከመቃብር የጠራህ፣ ደረጀንም ጥራው! ዛሬ! አሁን!” አሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጸሎቱ ደፈር ያለ ነበር።

ደረጀ እንዳለው በማለዳው አውቶቡስ መጥቶ አስራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታ ላይ ወርዷል። አንድ የሚያውቀው ጋሪ ነጂ አየው። ጥሩምባውን ሰምቷል፤ የሞተው ማን እንደሆነ ግን አልሰማም። “እግዚአብሔር ያጽናህ” አለው። “ማን ነው?” ቢለው፣ በመንገድ ላይ መርዶ አይነገርምና፣ “ሂድ፣ ትደርስበታለህ” አለው። ደረጀ ከዚያ ጀምሮ እየሮጠ ነው።

“እናቴን! እናቴን!” የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

“ልጄን! ልጄን!” ትላለች እናቴ ከድንኳኑ ውስጥ።

ተያዩ። አይተው ወዲያው ዝም አላሉም፤ ሁለቱም ከጀመሩት ስለማይቆም አንድ አንድ ጊዜ ደግመው ጮኹ።  

“ሃሌሉያ!” አሉ እትዬ ማርታ ከአጠገቤ ብድግ ብለው።

ጋሽ ሞላ ጥሩምባቸውን ይዘው፣ “ታዲያ የሞተው ማን ነው?” አሉ። የተከፋ ድምፅ ነበር።

እናቴ ደረጀን አላቀፈችውም። ጫማዋን አውልቃ ጀርባውን ሁለት ጊዜ መታችው። “ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ድምፅህን አጥፍተህ!” ከዚያ ነው ያቀፈችው።

“የሺ! ወንድምሽ መጣ፣ ተነሺ እንጂ!” አሉኝ።

“እግሬ ከዳኝ” አልኩ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጥቅሉ ከቀሚሴ ሥር ነው። ደረጀ ገባ። የአልጋውን ባዶ ቦታ አየ። እኔ የተቀመጥኩበትን አየ። ፊቱ እንደ ግድግዳው ኖራ ሆነ፤ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ፣ የመጣንበት ጉዳይ ፍተሻ ነበር።”

“አሁን?” አሉ ግራዝማች። ገመዱን እስካሁን አለቀቁትም።

“ምን የቀረ አለ?” አሉ አቶ ገብሬ፤ በእጃቸው ግቢውን አሳዩት። “ፍራሹ ተራግፏል፣ ሳጥኑ ተከፍቷል፣ ድስቱ ተገልብጧል። የእትዬ ዘነበችን የሠርግ ቀሚስ ሳይቀር ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። እንዲህ አድርጎ የሚፈትሽ ፖሊስ የትም አገር የለም!”

ሃምሳ አለቃው ወጥቶ በዕቃው መሀል ዞረ። ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። “ያልተፈተሸችው ልጅቷ ብቻ ናት።”

“ሐዘንተኛ ይፈተሻል?” አሉ ሴቶቹ።

“የምን ሐዘንተኛ? ሟቹ አጠገቧ ተቀምጦ!”

 ደረጀ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ግራዝማች፣ “ተራ ቁጥር ስድስት” አሉ። “ሴት የምትፈተሸው በሴት ነው። እትዬ ማርታ፣ ይፈትሿት።”

እትዬ ማርታ እንደገና ተንበረከኩ። እጃቸው ኪሴን፣ ወገቤን፣ ከዚያ የቀሚሴን ሥር ዳበሰ። ጥቅሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊታቸው ፊቴ አጠገብ ነው። እሳቸው እንደማይዋሹ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ውሸት ኃጢአት ነው ብለው ‘የለሁም በሉ’ ማለት እንኳ ያቆሙ ሰው ናቸው።

“ምንድን ነው?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“ወረቀት።”

“ስለ ምን?”

“ስለ መሬት።”

ትንሽ አሰቡ። “ስለ ሰማይ ቢሆን ይሻል ነበር” አሉና ተነሡ። ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረው፣ “ቦምብ የለባትም። በጌታ ፊት እመሰክራለሁ” አሉ።

ሃምሳ አለቃው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ በድንኳኑ ውስጥ የተሰበሰበውን ሕዝብ አየ። ባርኔጣውን አደረገ። “ጸሐፊ፣ ጻፊ” አለኝ። ደብተሬን አቀበሉኝ። ጥቅሉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ “የወይዘሮ ዘነበች ቤት ሙሉ በሙሉ ተፈትሾ ቦምብ አልተገኘም” ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ፈረሙ። ጋሽ ሞላ አባል ባይሆኑም ፈረሙ።

ንፍሮው ተቀቅሎ ነበርና ሰው በልቶ፣ እስከ ቀትር ስቆ ተበተነ። የእትዬ ማርታ ጸሎት ቤት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መቀመጫ ጠበበው።

ማታ ላይ እናቴ ጥቅሉን አገኘችው። ማንበብ አትችልም፤ አላስነበበችም። የእግር ውኃ ልታሞቅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። ደረጀ፣ “እማዬ፣ ይሄ እኮ ለሰፊው ሕዝብ የተጻፈ ነው” አላት።

“ሰፊው ሕዝብ ዛሬ ግቢዬ ንፍሮ በልቶ ሄዷል” አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተሰበሰብን። ክርክሩ ረጅም ነበር። ግራዝማች፣ “እኔ ያ ነገር እንዳይደገም ብቻ ነበር የፈለግሁት” አሉ፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ከዚያ በኋላ የሚፈትሽ በቀን፣ ከሩቅ እየተናገረ እንዲመጣ ተወሰነ። እኔም ጻፍኩት።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ፍተሻ አያስፈልግም ልላችሁ አይደለም። እኔ ራሴ የሚፈተሽ ነገር ላይ ተቀምጬ ነበር። የዚያን የቡና ቤት አስተናጋጅ ልጅ እጅም አልረሳሁም። የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ደንብ ስጽፍ ፖሊሱን አስቤአለሁ፣ ሽማግሌውን አስቤአለሁ፣ ነፍሰ ጡሯን አስቤአለሁ። በሩን የምትከፍተውን ሴት ግን አላሰብኳትም፤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር የጻፍኩት። ኋላ ሥራ አግኝቼ ብዙ ዓመት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንድም ደብዳቤ ፖስታውን የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ጽፌ አላውቅም።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደረጀ ከቤት እንደወጣ ሳይመለስ ሰነበተ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ እናቴ ለኪዳን ልትሄድ በሩን ስትከፍት ግራዝማች ይርዳው ነጭ ለብሰው፣ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እናቴ አልጮኸችም። “ግራዝማች፣ ለፍተሻ ነው የመጣነው በሉኝ” አለቻቸው።

ግራዝማች፣ “ገባ ብለን እንቀመጥ” አሉ።

ያን ቀን ዕንባ አልመጣልኝም። ሰው ታዘበኝ። እኔ ግን ቀደም ብዬ አልቅሼለት ነበር።

ዛሬ ሰው ቤት በማለዳ አልሄድም። ግድ ሆኖብኝ ከሄድኩም ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረኝ፣ “ደህና ነው! ደህና ነው! ሽንኩርት ልበደር ነው!” እያልኩ ነው የምደርሰው። የሰፈሩ ሰው “እማማ ደህና-ነው” የሚል ስም አውጥቶልኛል። ስሙን አልጠላሁትም።